የልጅነት ጨዋታ ለጭንቀት መድኃኒት ይሆናልን?

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ጨጓራ ነው። ዛሬ ግን በእጅ ስለማይጨበጥና በሚሊግራም ስለማይለካ ነገር ላወራችሁ ነው። ምክንያት የሆነችኝ በክረምቱ መግቢያ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የመጣች አንዲት እህት ናት። ታሪኳን የማካፍላችሁ እርሷንም እናቷንም አስፈቅጄ ነው።

የምሠራው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ሰፈሩን ታውቁታላችሁ፤ ሆስፒታሉና ክሊኒኩ ስለሚበዛ መድኃኒት ቤቱም በዚያው ልክ ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ይበዛል። ይህች እህት ወረፋው እስኪቀንስ ጥግ ይዛ ቆየችና ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ በዝግታ «የእንቅልፍ ኪኒን ፈልጌ ነበር፤ ለእናቴ ነው» አለችኝ። የሐኪም ማዘዣ አልያዘችም። የኪኒኑን ስም ግን ታውቀዋለች፤ ዲያዜፓም። ጎረቤት ነግሯት ነው።

እናትየው ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ በትዳር አዲስ አበባ መጥተው ከአርባ ዓመት በላይ ተክለ ሃይማኖት ጀርባ የኖሩ ናቸው። ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፤ መጸዳጃውም እቤት ውስጥ ነው። ነገር ግን ለቡና የሚጠራራ ጎረቤት የለም። አርባ ዓመት የለመዱት የሙአዚን ድምፅም የለም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ይነቁና እስከ ፈጅር ቁጭ ይላሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም አንድ ቀን ይውጣሉ፣ አንድ ቀን ይረሳሉ። ልጅቱን ያስጨነቃት ይኸኛው ነው። እንዳለችኝ አባቷን ያጣችው ግፊት በጣለው ስትሮክ ነው።

ኪኒኑን አልሰጠኋትም። በዚህ የሚቀየሙኝ ደንበኞች ብዙ ስለሆኑ ምክንያቱን ለእናንተም ላስረዳ። ዲያዜፓም ያለ ልዩ ማዘዣ የማይሸጠው ባለመድኃኒቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ዛሬ የተዋጠው ሳይወጣ የነገው ይጨመርበታል። ሌሊት ለውዱእ ሲነሡ ያንገዳግዳል፤ በስልሳ ሰባት ዓመት መውደቅ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ማለት ሊሆን ይችላል። የማስታወስ ችሎታንም ያደክማል። ከጥቂት ሳምንታት በላይ የወሰደው ሰው ሰውነቱ ይለምደዋል፤ በድንገት ሲያቋርጠው እንቅልፍ ማጣቱና ፍርሃቱ ብሶ ይመለሳል፤ አንዳንዱን እስከማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። (በነገራችን ላይ ጫት ቅመው ምርቃናውን ለመስበር ይህን ኪኒን የሚውጡ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ስለ እነርሱ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ኢንሻአላህ።) ሐኪም አይቶ፣ መጠኑንና ጊዜውን ወስኖ ሲያዝዘው ግን ጠቃሚ መድኃኒት ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ እንድትወስዳቸው ነገርኳት። ከዚያ እኔም አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፤ «እናትሽ ልጅ ሳሉ ማታ ማታ ምን ነበር የሚሰሙት?» ግራ ገባት። የጠየቅኳት ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አልነበረም። በራሴ ደርሶብኝ ስለነበር ነው።

በ2012 ያገኘሁት ትምህርት

መጋቢት 4 ቀን 2012 በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር እኔ እዚሁ ባንኮኒ ላይ ነበርኩ። ጭምብልና አልኮል ፈላጊው ሰልፍ በሩን አልፎ መንገድ ያዘ። የምንሰጠው ሲያልቅ የተቆጣን፣ ያለቀሰ፣ የተራገመ ሁሉ አለ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ አስም ስላለባት ወደ እርሷ አልቀርብም። ሳህኔን ለብቻ አድርጌ ጓዳ ባለችው ክፍል እተኛለሁ፤ እንተኛለን ካልነው ማለት ነው። ሚያዝያ 16 ረመዳን ገባ። መስጂዶች ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን የሰገድንበት ያ ረመዳን ትዝ ይላችኋል። ስልኬ ላይ የሟቾችን ቁጥር ሳልቆጥር ጎኔን አላሳርፍም ነበር።

አንድ ሌሊት ታናሽ ወንድሜ ከሳሎን ሆኖ በስልክ አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ምስሉ የደበዘዘ፣ ድምፁ የሚንሿሿ የድሮ ቅጂ ነው። አባባ ተስፋዬ ናቸው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ትከሻዬ ወረደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ለሳምንታት ወደ ጆሮዬ ተሰቅሎ የነበረው ትከሻዬ ወረደ። ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሱሑር እስኪደርስ ተኛሁ።

እኔ ያደግኩበት ግቢ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። የቤቱ እመቤት ክርስቲያን ናቸው፤ ቴሌቪዥናቸው ላይ የዳንቴል ልብስ ነበረው። እኛ ከመድረሳ ስንለቀቅ ሉሓችንን እንደያዝን እየሮጥን ሄደን በራቸው ላይ እንደረደራለን። «ጫማ አውልቁ፣ እግራችሁን አሳዩኝ» ይላሉ። እግሩ ንጹሕ የሆነው ይገባል፤ ያልሆነው ቧንቧው ጋር ይሄዳል። ከዚያ ዳንቴሉ ይገለጣል። እስከ ዛሬ አባባ ተስፋዬን ሳይ የሚሸተኝ የዚያ ቤት የቡና ቁሌት ነው።

ለወጣት አንባቢዎቻችን ልንገራቸው። ተስፋዬ ሣህሉ ከመድረክ ተዋናይነት የመጡ አንጋፋ የጥበብ ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው እስከ 1998 ድረስ ለአርባ ዓመት ያህል አገር ሙሉ ልጅ አሳድገዋል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ማረፋቸው ሲሰማ አያትም፣ እናትም፣ ልጅም አብረው ያዘኑት ሦስቱም የእርሳቸው ልጆች ስለነበሩ ነው። እርሳቸው ካቆሙ በኋላ በ1999 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ጀመረች። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች በጭንቅ ጊዜ የሚናፍቁት ያችን የቀጭኔ አሻንጉሊት ቢሆን አልገረምም።

ሳይንሱ ምን ይላል?

የሚገርመው ነገር ትዝታ ዱሮ በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የስዊዘርላንድ ሐኪም ከአገራቸው ርቀው የሚማሩና የሚያገለግሉ ወጣቶች ሲከሱ፣ እንቅልፍ ሲያጡና ሲያለቅሱ አይቶ ለሕመሙ ኖስታልጂያ የሚል ስም አወጣለት። የአገር ናፍቆት ሕመም ማለቱ ነው። ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ያለውም ወደ አገር ቤት መመለስን ነው። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ትዝታን እንደ ጉዳት ቆጠሩት።

የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች ነገሩን ገልብጠው አዩት። በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ሰዎች ወደ ትዝታቸው የሚሄዱት በአብዛኛው ሲከፋቸውና ብቸኝነት ሲሰማቸው ነው። ከትዝታቸው ሲመለሱ ደግሞ «የሚወደኝ ሰው አለኝ» የሚለው ስሜት በርትቶ ይገኛል። ስለዚህ ትዝታ ሕመሙ ሳይሆን ሰውነት ለሕመሙ የሚያወጣው መከላከያ ሆነ ማለት ነው። ልክ ትኩሳት ራሱ በሽታ ሳይሆን የሰውነት ትግል እንደሆነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ደስ የሚል የድሮ ነገር ያስታወሱ ሰዎች ክፍሉ ከሌሎቹ ይልቅ ሞቅ ብሎ ተሰምቷቸዋል። እናቶቻችን «ሳስበው ልቤ ይሞቃል» የሚሉት ለካስ ዝም ብሎ አባባል አይደለም።

ግን ለምን የልጅነቱ? ለምንስ አዲስ ፊልም አያሳርፈንም? ስንጨነቅ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ቅመሞችን ያመነጫል። እነዚህ ልብን ያስመታሉ፣ ስኳርን ወደ ደም ያወጣሉ፣ እንቅልፍን ያባርራሉ። አእምሮ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ ዘብ ይቆማል። አዲስ ታሪክም፣ አዲስ ዜናም ይህንኑ ዘበኛ ያነቃዋል። መጨረሻውን የምናውቀው ተረት ግን ዘበኛውን ያስቀምጠዋል። ጦጢት አንበሳውን አታልላ እንደምታመልጥ ከሠላሳ ዓመት በፊት አውቀናል፤ ዛሬም ታመልጣለች። ልጆቻችሁ አንዱን ተረት ሃያ ጊዜ ድገሙልን ሲሉ ልታሰለቹዋቸው አይገባም የምላችሁም ለዚህ ነው። የሚፈልጉት አዲስ ነገር ሳይሆን የሚያምኑት ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ሰዎች ከደከማቸው ሥራ በኋላ የሚያውቁትንና የሚወዱትን ታሪክ ደግመው ሲያዩ ወይም ሲያነቡ ጉልበታቸው ይመለስላቸዋል፤ አዲስ ፕሮግራም ማየት ግን ያንን አላመጣም።

ለአረጋውያን ደግሞ ይኸው ነገር ሕክምና ሆኖ ይሠራበታል። ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 ሽማግሌዎች ያለፈውን እየመላለሱ ማውራታቸው መጃጀት ሳይሆን ሕይወታቸውን መልክ የሚያስይዙበት ተግባር መሆኑን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በድሮ ፎቶ፣ በድሮ ዜማና በድሮ ዕቃ እየታገዙ ማስታወስ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ጥቅሙ አለ፣ ግን መጠነኛ ነው፤ ከሰው ሰውም ይለያያል። ይህን የምነግራችሁ ነገ ተነሥታችሁ የእናታችሁን መድኃኒት አስጥላችሁ ካሴት እንዳትከፍቱላቸው ነው።

የወፏ ነገር

አንዳንድ አንባቢ «ትልቅ ሰው ተረት መስማቱ፣ የልጅ ጨዋታ ማየቱ ልፋት አይደለምን?» ሊል ይችላል። ዑለማ አይደለሁም፤ መድረሳ ግን ተምሬአለሁና አንድ የማስታውሰው ሐዲስ አለ። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ሞተችበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃኑን አዝኖ ሲያገኙት አላለፉትም፤ በቁልምጫ እየጠሩት ወፏ ምን እንደሆነች ጠየቁት። ያ ሁሉ ኃላፊነት ያለባቸው ነቢይ የአንድ ልጅን መጫወቻ ከቁም ነገር ቆጠሩት። ኡስታዛችን ይህን ያስተማሩን ቀን ክፍሉ ሙሉ ልጅ ፈገግ ብሎ ነበር።

ስለ መንዙማ ያለውን ክርክር ግን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ። እኔ የምናገረው በወሎ ገጠር በመንዙማ እየተኛ ያደገ ሰው ስልሳ ዓመት ቆይቶ ያንን ዜማ ሲሰማ ትንፋሹ እንደሚረጋ ነው። ለሌላው ይህ የሱረቱ ያሲን ድምፅ ይሆናል፤ አባቱ ሌሊት ሲቀሩ የሰማው። ለሌላው የሬዲዮ ትረካ ነው።

ለጨጓራም ድርሻ አለው

ዓምዱ የአመጋገብም ነውና ወጥ ቤት ሳንገባ አንወጣም። አዒሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ተልቢና እንዲሠራ ያዝዙ ነበር። ተልቢና የታማሚን ልብ እንደሚያሳርፍና ሐዘንን በመጠኑ እንደሚያነሣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ማውራታቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ተልቢና ምንድን ነው ብትሉ ስሙ ዐረብኛ ሆነብን እንጂ የገብስ አጥሚት ነው። ማሌዥያ ውስጥ ሠላሳ በሚሆኑ የጦር ያህል በማይቆጠሩ፣ ማለትም በጥቂት አረጋውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የተደረገ ጥናት ተልቢና የጠጡት ድብታቸው ቀነስ ማለቱን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አልመካበትም። የገብስ ጭረት ኮሌስትሮልን እንደሚቀንስና ስኳር ወደ ደም ቀስ ብሎ እንዲገባ እንደሚያደርግ ግን በደንብ የታወቀ ነው።

ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገብስ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ በለስላሳ እሳት አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ እያማሰላችሁ አብስሉት። ወተት ጨምሩበት፤ ከወረደ በኋላ ጥቂት ማር። የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ ማሩ ይቅር፤ ማር «ተፈጥሯዊ ነው» እየተባለ ስንቱን ስኳር እንዳሰቀለ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ማታ ማታ ቡናውን ትታችሁ ይህን ሞክሩ። ቡና ከጠጣችሁ ከአምስት ሰዓት በኋላ እንኳ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ደማችሁ ውስጥ እንዳለ አትርሱ።

መቼ ይጎዳል?

መድኃኒት ሁሉ ከመጠን ሲያልፍ መርዝ ነው፤ ይኸም እንደዚያው። አንድ ሰው አልጋው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት የድሮ ቪዲዮ ሲያይ ቢያድር የሚያገኘው ዕረፍት ሳይሆን የሚያቃጥል ዓይን ነው። የስልክ ብርሃን አእምሮን ቀን ነው ብሎ ያሳስተዋል። ከዒሻ በኋላ፣ ሳሎን ተቀምጦ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቢቻል ከሰው ጋር ይሁን። የእኔን ትከሻ ያወረደው ቪዲዮው ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ በግድግዳው ማዶ ያንኑ እያየ መሆኑ ነበር።

ደግሞ የሁሉም ሰው ልጅነት ጣፋጭ አይደለም። በጦርነት፣ በረሃብ ወይም በዱላ ላደገ ሰው የድሮው ነገር ቁስል ሊነካ ይችላል። ትዝታው ደረታችሁን ካጠበበው ተዉት፤ አታስገድዱት። ዕዳን፣ ፍርድ ቤትን፣ የታመመ ልጅን ላለማሰብ ሲሉ ትዝታ ውስጥ መደበቅም አለ፤ ጠዋት ዕዳው እዚያው ይጠብቃል።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀን ቀን ከቆየ፣ ምግብና ሶላት ካስጠላ፣ ከሁሉ በላይ «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ጉዳዩ የተረት አይደለም። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አስፈላጊ ሲሆን ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይልኳችኋል። «አማኑኤል ታየ» መባልን ፈርቶ ዓመት ሙሉ ታሞ የሚቀመጥ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ። ለደም ግፊት ጥቁር አንበሳ መሄድ ካላሳፈረን ይኸኛውም ሊያሳፍረን አይገባም።

አሁን ወደዚያች እህት ልመለስ። ለጥያቄዬ ቆም ብላ ካሰበች በኋላ «አያቷ ተረት ያወሩላት ነበር፤ እኛንም በእሱ ነው ያሳደገችን» አለችኝ። እስከ መቼ ብላቸው ትንሿ ልጅ እስክታድግ ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሰማቸው ጠፋ። ሐኪሙ ማታ ከሚወስዱት የግፊት መድኃኒት አንዱ ሽንት የሚያበዛ መሆኑን አይቶ ወደ ጠዋት አዞረላቸው። ሌሊት የሚያነቃቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። እኔ ይህን በመጀመሪያው ቀን ልጠይቅ ሲገባኝ አልጠየቅኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እናንተም ሌሊት ሽንት የሚያስነሣችሁ ከሆነ መድኃኒታችሁን በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ ለባለሙያ ንገሩ።

ባለፈው ወር እህታችን የእናቷን መድኃኒት ልትወስድ መጣች። «አሁንስ ይተኛሉ?» አልኳት። «አንዳንድ ቀን» አለች። አሁንም የሚነቁበት ሌሊት አለ፤ ተክለ ሃይማኖትንም ያነሣሉ። ግን ከመግሪብ በፊት አራተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ በርጩማ ያወጣሉ። የፎቁ ልጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ሁለት ነበሩ፤ አሁን ሰባት ስምንት ይሆናሉ። የማን ልጅ እንደሆኑ ስለሚጠይቋቸው የእናቶቹንም ስም ለይተዋል፤ ባለፈው ሳምንት አንዷ ለቡና ጠርታቸዋለች። ከልጆቹ መካከል አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ተረቱ ካለቀ በኋላ በራቸው ድረስ ተከትሏቸው ይሄድና «እማማ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ይላቸዋል። ማን እንዳስተማረው አይታወቅም። የወሩን ኪኒን ቆጥሬ ሰጠኋት፤ ከባለፈው የተረፈ አልነበረም።